የላም ማህፀን፣ ኮርማ ፍለጋና እርግዝና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቂት የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የላም የመራቢያ አካል ከውጭ ወደ ውስጥ ምን ምን አለው?

ከውጭ የሚታየው ከፊንጢጣዋ በታች ያለው ብልት ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቦይ አለ። ኮርማ ዘሩን የሚያፈሰው እዚህ ነው፤ ጥጃውም ሲወለድ በዚሁ ያልፋል። ቦዩ የሚያልቀው የማህፀን በር ላይ ነው። በር ይባል እንጂ እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ዶሮ አንገት ጠጠር ይላል፤ ውስጡ 3 ወይም 4 ቀለበት መሳይ እጥፋቶች አሉት። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ትንሽ ይከፈታል። ስታረግዝ ደግሞ ወፍራም ዝልግልግ ነገር ይደፍነዋል። ያ ድፍን ነው ጽንሱን ከቆሻሻ የሚጠብቀው።

ከበሩ ወዲያ ማህፀኑ ይጀምራል። የላም ማህፀን የሴት ልጅን ማህፀን አይመስልም። አካሉ አጭር ነው፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሄዶ ቀንድ የሚባሉ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ይሆናል። ጥጃው የሚያድገው ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ነው። በየቀንዱ ጫፍ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እንቁላልና የኮርማ ዘር የሚገናኙት በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ከቱቦው ጫፍ ደግሞ የእንቁላል ማመንጫዎቹ፣ ማለትም ኦቫሪዎቹ፣ ይገኛሉ። ሴት ጥጃ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትወለደው፤ ቁጥራቸውም ከ100 ሺህ በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥጃ የሚሆኑት በጣት የሚቆጠሩት ናቸው።

ጊደሬ ለመጠቃት (ከኮርማ ጋር ለመገናኘት) መቼ ትደርሳለች?

ዕድሜዋን ሳይሆን ክብደቷን እዩ። ሙሉ ላም ስትሆን ሊኖራት ከሚችለው ክብደት ከ60 እስከ 65 በመቶ ሲሞላ ማስጠቃት ይቻላል። በደንብ የተቀለበች፣ ሆልስታይን የተባለው የፈረንጅ የወተት ዝርያ ጊደር በ15 ወሯ አካባቢ እዚያ ትደርሳለች። በግጦሽ ብቻ ያደገች የአገር ጊደር ግን 3 ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። ሚዛን ከሌላችሁ የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቷን መገመት ይቻላል፤ የቀበሌያችሁ የእንስሳት ባለሙያ ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጊደር ኮርማ መፈለግ የምትጀምረው ሰውነቷ ለመውለድ ከመድረሱ በፊት ነው። ወይፈንም ዓመት ሳይሞላው ማስረገዝ ይችላል። ሁለቱን አንድ በረት ውስጥ ትታችሁ «ገና ልጆች ናቸው» ካላችሁ፣ ዳሌዋ ያልሰፋ ጊደር ምጥ ላይ ስትሰቃይ ታያላችሁ።

ኮርማ መፈለጓን በምን አውቃለሁ?

ቁርጡ ምልክት አንድ ነው፦ ሌላ ከብት ሲወጣባት ዝም ብላ ትቆማለች። ሌላው ሁሉ አጋዥ ነው። ትጮኻለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ የዕለቱ ወተቷ ያሽቆለቁላል። ብልቷ አበጥ ብሎ ይቀላል። የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ሳይበጠስ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ጭራዋና ቂጧ ላይ ደርቆ የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁም እሱው ነው። የጭራዋ ሥር ፀጉር ከተሻሸ፣ ጎኗ ላይ ጭቃ ካለ፣ ሌሊት የወጣባት አለ ማለት ነው።

ድራቱ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ በፈረንጅና በዲቃላ ላሞች ላይ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በአገር ላሞች ላይ ግን አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው በተኛበት ሰዓት ይመጣና ያልፋል። ስለዚህ ጠዋት ለማለብ ስትገቡ የምታዩት ብቻ አይበቃም። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ተመልከቱ። መኖ እየሰጣችሁ አይሁን፤ ሆዷን ስታስብ ሌላውን ትረሳለች። አንድ ላም ብቻ ላለው ሰው ነገሩ ይከብዳል፣ የሚወጣባት የለማ። እሱ ፈሳሹን፣ ጩኸቷንና የወተቱን መቀነስ ነው መከታተል ያለበት።

ለምን በየ21 ቀኑ ይመላለስባታል?

አማካዩ 21 ቀን ነው፤ ከ18 እስከ 24 ያለውም ጤነኛ ነው። እንቁላሉ ከኦቫሪው ሲወጣ በቦታው ቢጫ አካል የሚባል ነገር ይበቅላል። ቢጫ አካሉ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ማህፀኑን ለእርግዝና ያዘጋጃል፤ ላሟም ኮርማ እንዳትፈልግ ይይዛታል። ከ16 ቀን ገደማ በኋላ ማህፀኑ ከጽንስ መልእክት ካልመጣለት፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ልኮ ቢጫ አካሉን ያከስመዋል። ማገጃው ሲነሳ አዲስ እንቁላል ይበስላል፣ ላሟም ትመለሳለች። ጽንስ ካለ ግን መልእክቱ በሰዓቱ ስለሚደርስ ቢጫ አካሉ በቦታው ይቆያል።

ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ አየኋት። መቼ ላስዳቅላት?

በዚያው ቀን ማታ። ማታ ካያችኋት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። እንቁላሉ የሚወጣው ድራቱ ካለቀ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከወጣ በኋላ በሕይወት የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የኮርማው ዘር አንድ ቀን ያህል ይቆያል፤ ግን ገብቶ ለመብሰል ራሱ ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ እንቁላሉን ቢጠብቅ ይሻላል። በጣም ከቀደመ ይሞታል፤ ከዘገየ ያረጀ እንቁላል ያገኛል።

የኮርማ ዘር በመሣሪያ ለሚያስገባው ባለሙያ፣ ለአዳቃዩ፣ የምትደውሉት ግን ወዲያው እንዳያችሁ ነው። እሱ በአንድ ቀን ሦስት ቀበሌ ሊዞር ይችላል። ስትደውሉ «ዛሬ ፈልጋለች» አትበሉት፤ መጀመሪያ ያያችሁበትን ሰዓት ንገሩት።

ከብልቷ ደም አየሁ። አልያዘችም ማለት ነው?

አይደለም። ድራቱ ካለፈ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ትንሽ ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ በተለይ በጊደሮች ላይ። ተጠቃችም አልተጠቃች ሊመጣ ይችላል። መያዟንም አለመያዟንም አይናገርም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሁለት ቀን በፊት ገደማ ኮርማ ፈልጋ ነበር። ሳታዩት ካመለጣችሁ ቀኑን ጻፉና ከ18 ቀን በኋላ በዓይነ ቁራኛ ጠብቋት።

ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ ወይም እርጉዝ ላም ላይ ከታየ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪም ጥሩ።

አዳቃዩ እጁን በፊንጢጣ የሚያስገባው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዘሩ በዚያ የሚገባ ይመስለዋል። አይደለም። የግራ እጁ በላስቲክ ጓንት እስከ ክርኑ ድረስ ወደ አንጀቷ ይገባል። የአንጀቱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን የማህፀን በር በእጁ ጨብጦ መያዝ ይችላል። በቀኝ እጁ የያዘው ቀጭን ዘንግ ግን በብልቷ በኩል ነው የሚገባው። ዘንጉን አይገፋም፤ ይልቁንም በሩን እያወዛወዘ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ ያጠልቃቸዋል። የመጨረሻውን ቀለበት ሲያልፍ ዘሩን ቀስ ብሎ ማህፀኑ አፍ ላይ ያፈሳል።

መጠኑ ሩብ ሚሊ ሊትር ነው። ኮርማ በቢሊዮን የሚቆጠር ዘር ያፈሳል፤ አዳቃዩ በሚጠቀምባት ቀጭን የዘር መያዣ ውስጥ ያለው ግን በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። በሩን አልፎ ስለሚቀመጥ ይበቃል። ከበሩ ወዲህ ከቀረ ግን የመያዝ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል። የባለሙያ እጅ ልዩነት እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ዘሩ የሚቆየው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ሲወጣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መቀመጥ አለበት። በመዳፉ እያሻሸ የሚያሞቅ ባለሙያ ካያችሁ የሞቀ ውሃ አቅርቡለት፤ ነውር የለውም። በአገራችን የብሔራዊ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው።

መያዟን መቼ ነው የማውቀው?

በ21ኛው ቀን አካባቢ ካልተመለሰች ተስፋ አለ። ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ሌሊት ተመልሳ አምልጣችሁ ሊሆን ይችላል። ደህና እጅ ያለው ባለሙያ በ2 ወሯ በፊንጢጣ ዳስሶ ይነግራችኋል። በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም ባይ ነኝ። «አርግዛለች» ብሎ ሰባት ወር ባዶ ላም መቀለብ በመኖ ብቻ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የፋጉሎና የፍሩሽካ ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሚያደናግር ነገርም አለ። ጥቂት ላሞች አርግዘውም ኮርማ የፈለጉ ይመስላሉ። እንዲህ ዓይነቷ ላይ በሩን አልፎ እንደገና ማዳቀል ጽንሱን ሊያስወርደው ይችላል። ቀደም ብላ ተዳቅላ ከነበረ ለባለሙያው ሳትነግሩት አታስጀምሩት።

የመውለጃ ቀኗን እንዴት ላስላ?

እርግዝናው በአማካይ 283 ቀን ነው፤ በአገር ላሞች ላይ ጥቂት ቀን ሊጨምር ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 9 ወር ከ13 ቀን። ጥቅምት 1 ከተዳቀለች ሐምሌ 14 አካባቢ ትወልዳለች። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች 5 ቀን ቀንሱ። ታኅሣሥ 10 የተዳቀለች መስከረም 18 ገደማ ነው የምትደርሰው።

ከዚያ ቀን ወደኋላ 2 ወር ቆጥራችሁ ወተቷን አድርቁ። ጥጃው የክብደቱን አብዛኛውን የሚያገኘው በእነዚህ የመጨረሻ ወራት ነው፤ ጡቷም ማረፍ አለበት።

ምጥ ላይ ናት። ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ልጥራ?

ትክክለኛው አመጣጥ ሁለት የፊት እግር፣ ከላያቸው አፍንጫ ነው። የውሃ ከረጢቱ ከፈነዳና ማማጥ ከጀመረች በኋላ ከዚህ በፊት ወልዳ የምታውቅ ላም በ1 ሰዓት፣ ጊደር በ2 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካላሳየች ስልክ ደውሉ። አንድ እግር ብቻ ከታየ፣ ጭራ ከቀደመ፣ ወይም እግር መጥቶ አፍንጫ ከጠፋ ግን ሰዓት አትቁጠሩ።

የወጣው የፊት ይሁን የኋላ ለመለየት መጋጠሚያዎቹን ዳስሱ። ከሰኮናው በላይ ያሉት ሁለት መጋጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ የፊት እግር ነው። ወደተቃራኒ ከታጠፉ የኋላ ነው። በኋላ እግሩ የሚመጣ ጥጃ ሊወለድ ይችላል፤ እትብቱ ቀድሞ ስለሚታፈን ግን መዘግየት አይቻልም። ጎረቤት ሰብስቦ በገመድ መጎተት የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። ላሟ ሳታምጥ ሲጎተት የማህፀን በር ይቀደዳል፣ ጥጃውም ይጎዳል።

የእንግዴ ልጁ አልወጣም። በእጅ ልጎትተው?

አትጎትቱት። የላም እንግዴ ልጅ ማህፀኑ ላይ የሚያያዘው ከ70 እስከ 120 በሚሆኑ ቁልፍ መሳይ ቦታዎች ነው። በኃይል ሲሳብ ቁልፎቹ ይቀደዳሉ፣ ይደማሉ፣ ቁራጭ ውስጥ ቀርቶ ይበሰብሳል። አንዳንዱ ሰው ድንጋይ ያንጠለጥልበታል፤ እሱም ያው ነው። በጤናማ ወሊድ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራሱ ይወርዳል። 12 ሰዓት ካለፈው ዘግይቷል ይባላል። መኖ እምቢ ካለች፣ ትኩሳት ካላት ወይም መጥፎ ሽታ ካለ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ያስፈልጋታል።

ከ5ኛው ወር በኋላ አስወርዳ እንግዴ ልጁም ካልወጣ ብሩሴሎሲስን ጠርጥሩ። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል። ጓንት ሳታጠልቁ አትንኩት፣ ውሻ እንዳይበላው በጥልቀት ቅበሩት፣ ወተቷንም ሳታፈሉ አትጠጡ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ አትቅረብ።

ከወለደች በኋላ መቼ ነው እንደገና የማስዳቅላት?

ማህፀኗ ወደ መጠኑ ለመመለስ 40 ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቀድማ ኮርማ ብትፈልግም ቀኑን ጻፉና ከ50 እስከ 60 ቀን ድረስ ታገሱ። በየዓመቱ ጥጃ ለማግኘት ደግሞ በ85 ቀን ገደማ መያዝ አለባት። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ድራት ካመለጣችሁ 21 ቀን ሄደ።

ጥጃዋን እያጠባች የምትውል የአገር ላም ወራት ሊያልፉ ኮርማ ላትፈልግ ትችላለች። በተለይ ከሳች ከሆነ። ጥጃው ቀኑን ሙሉ ከሥሯ እንዳይውል ማድረግና መኖዋን ማሻሻል ብዙ ጊዜ ይቀሰቅሳታል።

ሦስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። መካን ናት?

ብዙ ጊዜ አይደለችም። ለሥጋ ከመሸጣችሁ በፊት የጻፋችሁትን ቀን አውጡ። በየ21 ቀኑ በትክክል ከተመለሰች ዑደቷ ደህና ነው፤ ጥያቄው የማዳቀያ ሰዓቱ፣ የዘሩ አያያዝ ወይም የባለሙያው እጅ ላይ ነው። በ42 ቀን ከተመለሰች መሃል ላይ አንድ ድራት አምልጧችኋል። በ10 ቀን ከተመለሰች ከሁለቱ በአንዱ ሳትፈልግ ነው የተዳቀለችው። በ30 ወይም በ35 ቀን ከመጣች ምናልባት ይዛ ጽንሱ ሞቶባታል። ቀን ካልጻፋችሁ ግን ባለሙያውም የሚይዘው ጭብጥ የለውም።

ከዚያ ወደ ላሟ። የጎን አጥንቷ የሚቆጠር ላም መጀመሪያ ትብላ። ጭድ ብቻ እየበላች ወተትም ጥጃም ስጪ ማለት ግፍ ነው። በድራት ጊዜ የሚወርደው ፈሳሽ ከደፈረሰ ወይም መግል ካለበት ማህፀኗ ቆስሏል። በየጥቂት ቀኑ ኮርማ የምትፈልግ ከሆነ ኦቫሪዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሊኖር ይችላል። የመንደሩን ሁሉ ላም የሚያጠቃ ኮርማ ደግሞ እሱ ራሱ ጤነኛ መስሎ ጽንስ የሚያስወርድ በሽታ ከላም ላም ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ «በኮርማ ትሞከር» የሚለው ምክር ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም።

ላም ኮርማ እንድትፈልግ የሚያደርግ መርፌ አለ ይባላል። ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ለሁሉም አይደለም። መርፌው ያ ቀደም ብለን ያነሳነው ፕሮስታግላንዲን ነው። የሚሠራው ኦቫሪዋ ላይ የበሰለ ቢጫ አካል ካለ ብቻ ነው፤ ያኔ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ኮርማ ትፈልጋለች። ዑደት ያልጀመረች፣ የከሳች ላም ላይ ቢወጋ ገንዘብ ማባከን ነው።

እርጉዝ ላም ከተወጋች ታስወርዳለች። ቢጫ አካሉ እርግዝናውንም የያዘው እሱ ነውና። ስለዚህ ሳይዳሰስ አይወጋም፤ አራት ነጥብ። መድኃኒቱ በቆዳ ስለሚገባ ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው እንዳይነኩት።

ሴት ጥጃ እንድትወልድልኝ ማድረግ እችላለሁ?

ጾታውን የሚወስነው የኮርማው ዘር እንጂ ላሟ አይደለችም። ወንድ በተከታታይ ወለደች ብሎ ላም መውቀስ ከንቱ ነው። ጾታው የተለየ ዘር ግን አለ። ሴት የሚያስገኘው ዘር ከወንዱ ጥቂት የበለጠ ዲኤንኤ ስላለው በመሣሪያ ይለያል፤ ከ10 ጥጃ 9 ያህሉ ሴት ይሆናሉ። ዋጋው ይወደዳል፣ የመያዝ ዕድሉም ከተራው ዘር ትንሽ ያንሳል። ለጤነኛ ጊደርና ድራቷ በትክክል ለታየ ላም እንጂ ደጋግማ ለምትመለስ አይመከርም።

መንታ ወለደች፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት። ሴቷን ለወተት ላሳድጋት?

«ላሜ ወለደች» ብሎ የሚደሰት ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጥጃ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ያህል መካን ናት። ማህፀን ውስጥ ሳሉ የሁለቱ የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች ይገናኛሉ። የወንዱ ሆርሞን በደም ወደ እሷ ሲሻገር የመራቢያ አካሏ ሳያድግ ይቀራል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሃንተር ስለእነዚህ ጥጆች እ.ኤ.አ. በ1779 ጽፏል፤ የደም ሥሮቹ ምሥጢር በደንብ የተብራራው ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።

ከውጭ ስትታይ ሴት ናት። ሐኪም በሳምንታት ዕድሜዋ ደፍዳፋ ጫፍ ያለው ንጹሕ ቱቦ በቀስታ አስገብቶ ቦዩን ይለካል። የአንድ ወር ጤነኛ ጥጃ ቦይ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የመካኗ ግን ብዙ ጊዜ ከ8 አያልፍም። በራሳችሁ እንጨት አትሞክሩ። መካን ከሆነች ለሥጋ አደልቡና ሽጧት እንጂ ሁለት ዓመት ኮርማ ስትጠብቁላት አትክረሙ። መንታዎቹ ሁለቱም ሴት ከሆኑ ስጋት የለም። የበግና የፍየል መንታም እንዲህ ዓይነት ጣጣ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው።